የሳይክል የፊት ሹካ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው ሳይክሉ ላይ በፊት ጎማው መሀል የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገጥም ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። መቅደም ያለበት ግን የሹካው ጉዳይ ነው። ሞተሩ ቢቃጠል ሳይክሉን እየገፉ ቤት ይገባሉ። የአክስል መቀመጫው፣ ማለትም የሹካው ጫፍ ላይ አክስሉ (የጎማው መሀል ዘንግ) የሚገባበት ክፍት ቦታ፣ ቢሰነጠቅ ወይም ቢከፈት ግን እየሄዱ ሳለ የፊት ጎማው ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ስለ ሹካና ስለ አክስል ሲሆን ይረዝማሉ፣ ስለ ሌላው ያጥራሉ።

የእኔ ሹካ ሞተር ይሸከማል?

ማግኔት ይዘው ይሂዱና የሹካው ጫፍ ላይ፣ አክስሉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው፤ ጥሩ ነው። የማይረባ የሚመስለው የድሮ ከባድ ሳይክል ሹካ ለዚህ ሥራ ከአብረቅራቂው አዲስ ሹካ ይሻላል፤ ብረት ሲጨነቅ መጀመሪያ ይጣመማል፣ ስለሚጣመምም ቀድሞ ያስታውቃል።

ማግኔቱ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ሞላ ያላቸው ሹካዎች አብዛኞቹ ከላይ ብረት ቢኖራቸውም ጫፋቸው በፎርም የፈሰሰ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ስለሆነ የላይኛውን ቱቦ ፈትነው አይታለሉ። የፈሰሰ አሉሚኒየም ሳይጣመም በድንገት ይሰበራል። 250 ዋት ጊር ያለው ሞተር (ውስጡ ትንንሽ ጥርሳም ጊሮች ያሉት) በሁለቱም በኩል ቶርክ አርም፣ ማለትም አክስሉ እንዳይዞር የሚይዝ የብረት ክንድ፣ ታስሮለት ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሞተር ግን ሹካውን በብረት ይቀይሩት። የካርቦን ሹካ ላይ ምንም ዓይነት ሞተር አይገጠምም። ሹካው መጨረሻው ክፍት ሳይሆን ክብ ቀዳዳ ከሆነና 15 ሚሊ ወፍራም አክስል በጎን የሚሰካበት ከሆነ ተራው የፊት ሞተር አይገባበትም፤ አስፍቶ ለማስገባትም አይሞክሩ።

ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልለካ?

ካሊፐር ያስፈልጋል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር የግማሽ ሚሊ ልዩነት አያሳይም።

የሁለቱ የሹካ ጫፎች የውስጥ ርቀት፦ የፊት ሹካ መደበኛው 100 ሚሊ ነው። የፊት ሞተሮችም ለዚሁ ልክ ይሠራሉ። አንድ ሁለት ሚሊ ቢጠብ በእጅ ከፈት ተደርጎ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ሹካ ይፈልጉ።

የመቀመጫው ስፋት፦ ብዙ ሹካዎች 9 ሚሊ ናቸው። የሞተር አክስል ክብ ሆኖ 12 ወይም 14 ሚሊ ውፍረት አለው፤ ሁለት ጎኑ ተልጎ ጠፍጣፋ ስለተደረገ በጠፍጣፋው በኩል ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህች አንድ ሚሊ ላይ ነው።

የመቀመጫው ብረት ውፍረት፦ በተለይ ከ4 ሚሊ በታች የሆነ ስስ ላሜራ ያለ ቶርክ አርም ፈጽሞ አይታመንም። አንዳንድ ርካሽ ሹካዎች ጫፋቸው ቱቦው ራሱ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፤ እነዚህን ይተዋቸው።

የዲስክ ፍሬን ካለዎት የሞተሩ ክዳን ከፍሬኑ መያዣ ጋር እንዳይነካካ ቀድመው ይመልከቱ። ከዲስኩ ሥር የሚገባ ስስ ማራቂያ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

አክስሉ አልገባ አለኝ፤ መሞረድ እችላለሁ?

ሹካውን አዎ፣ አክስሉን አይሞርዱ። የአክስሉ ጠፍጣፋ ጎን በቀጠነ ቁጥር ሹካው ውስጥ ለመዞር ይቀለዋል፤ ጥርሱም ከተነካ ዳዶው አይነክስለትም።

ሹካውን ሞርሳ ላይ ሲያስሩ በጨርቅ ወይም በቁራጭ ጎማ ጠቅልለው ይሁን። ጠፍጣፋ ሞረድ ይጠቀሙ፤ ግራይንደር አያስገቡ፣ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሚሊ ይበላና መመለሻ የለውም። ከ9 ወደ 10 ለማድረስ ከግራው ግድግዳ ግማሽ ሚሊ፣ ከቀኙ ግማሽ ሚሊ ነው የሚነሳው። አምስት ስድስት ጊዜ ሞርደው አክስሉን ይሞክሩ። በእጅ ግፊት ጠበቅ ብሎ ሲገባ ያቁሙ፤ ላላ ብሎ ከገባ አልፏል ማለት ነው።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የመቀመጫውን ጥግ፣ አክስሉ የሚያርፍበትን የላይኛውን ጫፍ፣ በአንድ በኩል አብዝቶ መሞረድ ነው፤ የጎማው የላይኛው ጫፍ ወደ ሌላኛው ጎን ያዘነብልና ቸርኬው አንዱን የፍሬን ጎማ ይፈጋል። ሁለተኛው አንዱን ግድግዳ ብቻ መብላት ነው፤ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋና ሳይክሉ መሪውን ሲለቁት ወደ ጎን ይጎትታል። ሞርደው ሲጨርሱ ቀለሙ የተነሳበትን ቦታ ትንሽ ቀለም ወይም ግሪስ ይቀቡት፤ ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

ቶርክ አርም የግድ ነው? ሁለት ዳዶ አጥብቄ ባስረው አይበቃም?

አይበቃም። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ አክስሉ በዚያው ኃይል ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ትንሽ ስሌት እንሥራ፦ 40 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) የሚያወጣ ተራ ሞተር እንውሰድ። ይህ ጉልበት 10 ሚሊ በሆነ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ሲያርፍ 40 ለ0.01 ሲካፈል 4000 ኒውተን ይመጣል፤ በክብደት ቢታሰብ 400 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ስስ ብረቶች ጠርዝ ላይ ነው፤ ያውም ጋዝ በሰጡ ቁጥር። ዳዶው በግጭት ብዙውን ይሸከማል፣ ግን ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። የመጨረሻውን ጭነት የሚቀበል ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ቶርክ አርም የሚባለው የአክስሉን ጠፍጣፋ ጎን የሚነክስ ቀዳዳ ያለው፣ ሌላው ጫፉ የሹካው እግር ላይ የሚታሰር የብረት ክንድ ነው። ከሞተሩ ጋር ካልመጣ እዚሁ ይሠራል። 6 ሚሊ ውፍረት፣ 3 ሳንቲ ተኩል ወርድ፣ 10 ሳንቲ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይውሰዱ፤ መርካቶ የብረት ቁርጥራጭ የሚሸጡበት ይገኛል። ለ12 ሚሊ አክስል ጎን ለጎን ቀዳዳዎች በ9 ሚሊ መብሻ ያስበሱና ቀሪውን በሞረድ ወደ 10 በ12 ያስተካክሉ፤ ቶርኖ ቤት ከሰጡትም አክስሉን ወይም ሞተሩን ራሱን ይዘው ይሂዱ፣ በቃል የነገሩት ልክ ሁልጊዜ ይሳሳታል። ቀዳዳው አክስሉን ያለ ክፍተት መንከስ አለበት። ለክንዱ ስስ ላሜራ ደርቦ መጠቀም አይሠራም፤ ይበላና ቀዳዳው ክብ ይሆናል።

ሲያስሩት ትንሽ ክፍተት መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ ዳዶውን ከማጥበቅዎ በፊት አክስሉን ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ሲሠራ ወደሚታገልበት አቅጣጫ፣ በመፍቻ አዙረው ክንዱን እንዲነካ አድርጉና እዚያው ይዘው ያጥብቁ። ይህን ካላደረጉ አክስሉ የተረፈችውን ክፍተት በየቀኑ እየመታ ያሰፋታል። የላይኛውን ጫፍ በሁለት የብረት ፋሸታ የሹካው እግር ላይ ይሰሩት። የፕላስቲክ ማሰሪያ የሽቦ ማያያዣ እንጂ የዚህ ሥራ ዕቃ አይደለም።

ጊር ለሌለው ትልቅ ሞተር፣ በተለይ ሲያቆም ባትሪ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ያስፈልጋል። ፍሬን ሲይዙ ጉልበቱ አቅጣጫ ስለሚቀይር አክስሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ዳዶ የሚፈታው በዚህ ነው።

በብየዳ ባጣብቀውስ?

አይበየድ። ሙቀቱ ጥሩ የብረት ሹካን ያለሰልሰዋል፣ አሉሚኒየሙን ደግሞ ያበላሸዋል፤ ጎማ በፈነዳ ቁጥርም መፍቻ አጥተው ይቀራሉ። ሌላ የሳይክሉ ክፍል ላይ የሚበየድ ካለ ባትሪውንና ኮንትሮለሩን (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ነቅለው ያውጡ።

ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል ይገባሉ?

ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠር፦ የሞተሩ ትከሻ፣ የሹካው ጫፍ፣ ቶርክ አርሙ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። አንዳንድ ሹካዎች ጫፋቸው ላይ ጎማው እንዳይወጣ የሚከለክል ከንፈር አላቸው፤ ትልቁ ሮንዴላ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፣ በእውነቱ ግን የያዘው ጠርዙን ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎድጓዳው ውስጥ ልክ የሚገባ ትንሽ ሮንዴላ መጀመሪያ ያስገቡና ትልቁን ከላይ ይደርቡ። ምላስ ያለው ሮንዴላ ከሞተሩ ጋር ከመጣ ምላሱ የሹካው ክፍት ውስጥ ወደ ታች ገብቶ ይቀመጣል።

ለ12 ሚሊ አክስል ዳዶውን ወደ 40 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የቶርክ መፍቻ ከሌለ 20 ሳንቲ እጀታ ባለው መፍቻ ጫፉ ላይ 20 ኪሎ ያህል ክብደት የመጫን ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ መታገል ጥርሱን ይበላል፤ ሽቦው በአክስሉ መሀል ስለሚያልፍ አክስሉ ባዶ ቱቦ መሆኑን አይርሱ።

የሽቦው መውጫ ወደ ታች ይሁን። ሽቦው መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ታጥፎ ወደ ላይ ከወጣ የዝናብ ውሃ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀጥታ ወደ ላይ ካወጡት ውሃው በሽቦው ተንሸራቶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ከዳዶው እስከ ሹካው ድረስ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር ያስምሩ። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ጠዋት ሲወጡ በዓይን ብቻ ይታያል። ከመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ ስፖኮቹንም ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ያስጠብቁ፣ አዲስ የተሠራ ቸርኬ መርገቡ አይቀርም።

ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ምንድን ነው?

ጊር ያለው ሞተር ከሆነ የሽቦዎቹ አሰላለፍ ተገልብጦ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞረ ይሆናል። ውስጡ ያለው ክላች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚይዝ በተቃራኒው ሲዞር ባዶውን ይሮጣል። ሞተሩ ራሱ ተገልብጦ ከተገጠመ ግን ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል፤ የዲስክ ቀዳዳ ያለው ጎን በጋላቢው ግራ በኩል መሆን አለበት፤ የዲስክ ቦታ ከሌለው ክዳኑ ላይ ቀስት ይፈልጉ።

ጎማው የሚንቀጠቀጥና የሚንተባተብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ሽቦዎቹ ተዛንፈዋል። ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው፤ አምስቱ ቀጫጭኖች ደግሞ ቀይ፣ ጥቁርና እነዚሁ ሦስት ቀለማት። ሞተሩና ኮንትሮለሩ ከተለያየ ቦታ ከተገዙ ቀለም ከቀለም ማገናኘት ሁልጊዜ አይሠራም። ቀጫጭኖቹን እንዳሉ ትተው ሦስቱን ወፍራሞች ቦታ ያቀያይሩ፤ ስድስት አሰላለፍ ብቻ ነው ያለው። ጎማውን ከመሬት አንስተው ጋዙን በጣም በትንሹ እየሰጡ ይሞክሩ። ትክክለኛው አሰላለፍ በጸጥታ ይዞርና ያለ ጭነት አንድ አምፔር ገደማ ብቻ ይስባል። ጮክ ብሎ የሚያጉረመርምና ብዙ አምፔር የሚስበውን ወዲያው ያቁሙት፣ ኮንትሮለሩን ያቃጥላል። ቀጭኖቹን ቀይና ጥቁር በፍጹም አያቀያይሩ።

ትናንት ደህና የነበረ ጎማ ዛሬ በእጅ ሲያዞሩት እየጎተተና እየተንገጫገጨ ካስቸገረ፣ አክስሉ ዞሮ ሽቦውን ቆርጦ ወፍራሞቹን እርስ በርስ አነካክቷቸው ይሆናል። ወፍራሞቹን ከኮንትሮለሩ ነቅለው ለየብቻ ይዘው ያዙሩት፤ ከቀለለ ችግሩ ኮንትሮለሩ ነው፣ ካልቀለለ ሞተሩ ወይም ሽቦው ነው። (ጊር ያለው ሞተር ላይ ይህንን ሲሞክሩ ጎማውን ወደ ኋላ ያዙሩ፤ ወደ ፊት ሲዞር ክላቹ ስለሚለቅ ምንም አይታይም።)

እንጦጦን ያወጣኛል? ስንት ዋት ልግዛ?

መስቀል አደባባይ ወደ 2350 ሜትር ላይ ነው፤ የእንጦጦ ራስ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው የኤሌክትሪክ ሞተርን እንደ ነዳጅ ሞተር አያዳክመውም፤ የሚያዳክመው ዳገቱ ነው።

ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 100 ኪሎ ነው እንበል። 10 በመቶ ዳገት ላይ ለመቆም ብቻ ወደ 98 ኒውተን ግፊት ያስፈልጋል፤ በ26 ኢንች ጎማ ይህ 32 ኒውተን ሜትር ነው። 40 ኒውተን ሜትር ያለው ሞተር ያወጣል፣ ግን ጫፉ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከዋቱ ይልቅ የዙሩን ፍጥነት ይጠይቁ። በደቂቃ 200 ዙር ገደማ የሚዞር ሞተር በ26 ኢንች ጎማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ ዳገትም ይችላል። 330 ዙር የሚለው ሜዳ ላይ ያስደስታል፤ ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱ ይወርድና ኃይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የፕላስቲክ ጊሮቹ የሚበሉትም እንዲህ ሲሆን ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ሲወርድ ፔዳል ይምቱ፤ ክዳኑ እጅ የማያስነካ ከሆነ ቆም ይበሉ።

ፊት ላይ ይሻላል ወይስ ኋላ?

ፊት ለመግጠም ቀላል ነው፤ ማርሹንና ካቴናውን አይነኩም። ግን ዳገት ላይ ክብደትዎ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማ ይቀልላል፤ ጠጠርና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከር ደግሞ መሪው ያመልጣል። መንገድዎ አስፋልት ከሆነና ሞተሩ ከ350 ዋት ካላለፈ ፊት ላይ ይግጠሙ። 500 ዋትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከዋናው መንገድ እስከ ቤትዎ ያለው ቁልቁል ዳገቱ ኮረት ከሆነ፣ ኋላ ይሁን።

ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል?

ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ያባዙ፤ 48 ቮልት 13 አምፔር ሰዓት ባትሪ 624 ዋት ሰዓት አለው፤ ከዚህ 85 በመቶውን፣ ወደ 530 ዋት ሰዓት፣ ይቁጠሩ። ሜዳ ላይ ኪሎ ሜትሩ 12 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ለ100 ኪሎ ጭነት በየ100 ሜትር ከፍታ 40 ዋት ሰዓት ይጨምሩ።

ከአቃቂ በኩል መጥቶ በቀን 20 ሄዶ 20 የሚመለስ ሰው፦ 40 ኪሎ ሜትር በ12 ሲባዛ 480። ከአቃቂ እስከ መሀል ከተማ 250 ሜትር ገደማ ዳገት ስላለ 100 ይጨመራል። 580 መጣ፤ አልበቃም። ወይ ፔዳል ይመታል፣ ወይ ሥራ ቦታ ይሞላል፣ ወይ 17 አምፔር ሰዓት ያለውን ይገዛል። አራት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ መደርደር ርካሽ ቢመስልም ባለ 12 አምፔር ሰዓቱ ብቻ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንን ሁሉ እየተሸከሙ ነው ዳገቱን የሚወጡት።

ከፍ ያለ ቦታ ነው የምኖረው፤ ጠዋት ቁልቁል ስወርድ ባትሪ የሚሞላው ፍሬን ለምን ይጠፋል?

ማታ ባትሪውን ጢም አድርገው ስለሞሉት ነው። 48 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት ላይ ይደርሳል፤ ቁልቁለቱ ተጨማሪ ሲልክበት የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በሩን ይዘጋል፣ ሞተሩም መያዙን ያቆማል። ሱሉልታ መውጫ ላይ ወይም እንጦጦ አናት ላይ ለሚኖር ሰው 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። የእጅ ፍሬኑ ግን ሁልጊዜ ብቻውን ሳይክሉን ማቆም የሚችል ይሁን። ጊር ያለው ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ ባትሪ አይሞላም።

ክረምት ላይ ይሠራል?

ዝናብ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በግፊት የሚረጭ ውሃ ነው። ላቫጆ ወስደው ጭቃውን አያስረጩ፣ በባልዲና በጨርቅ ይጠቡት። ከሰኔ እስከ መስከረም መጋጠሚያዎቹን ፕላስቲክ ብቻ አድርገው አይተዉ፤ ፕላስቲክ ውሃን እንደሚከለክል ሁሉ ያስቀራል፣ ከታች ክፍት ይተዉለት። ባለ ዘጠኝ ጥርሱን መሰኪያ ሲያገናኙ ቀስቱን ከቀስቱ አስተያይተው ቀጥታ ይግፉ፤ አጣምሞ የገፋ ሰው ጥርሱን ይሰብራል።

መብራት እየሄደ እየመጣ ነው፤ ቻርጀሩን ያበላሻል?

ሲሄድ ይንቀሉ፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩ። በ2 አምፔር ቻርጀር 13 አምፔር ሰዓት ለመሙላት ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ተኝተው አይሙሉ። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ከበሩ አጠገብ አያስቀምጡት፤ ቢቃጠል መውጫዎን ይዘጋል።

ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር ሲሰኩት ጫፉ ላይ ብልጭታ ካዩ አይደንግጡ፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው። በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከል ግን ፊውዝ ይኑር፤ 22 አምፔር ለሚስብ ኮንትሮለር 30 አምፔር።

ሞተር ያለበት ጎማ ቢበሳ ጎሚስታው ይሠራዋል?

ይሠራዋል፤ ጎማውን እንዲያወርድ ግን አይፍቀዱለት። ሳይክሉን ገልብጠው ጎማውን በአንድ በኩል ብቻ ከቸርኬው አውጥተው፣ የተበሳውን የውስጥ ጎማ ስቦ በማውጣት እዚያው ይለጠፋል፤ ዳዶም ሽቦም አይነካም። ቀዳዳው ቫልቩ ሥር ከሆነ ብቻ ነው ማውረድ የሚያስፈልገው። ለዚያ ቀን 18 ቁጥር መፍቻ ከወንበር ሥር ይኑርዎት፤ የ12 ሚሊ አክስል ዳዶ ብዙውን ጊዜ በእሱ ይፈታል። ከማውረድዎ በፊት የሮንዴላዎቹን አደራደር በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ሲመልሱም አክስሉን ወደ ኋላ አዙረው ክንዱ ላይ አስደግፈው ያጥብቁ።